በጥርስ የተሰማው ሞተር

በጃንሆይ ዘመን የመጨረሻ ዓመታት፣ ያኔ «ለቀምት» ብለን በምንጽፋት በነቀምት ከተማ፣ ከአውቶቡስ መቆሚያው ቁልቁል ሲወርዱ አንድ ጋራዥ ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ዘይት ጠጥቶ የጠቆረ አፈር ሲሆን በሩ ሁለት የጭነት መኪና ጎን ለጎን ያስገባል። እኔ በከተማው ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር። ከሰዓት በኋላ ሥራዬ ሲያልቅ ደብተሬን ይዤ ወደዚያ ጋራዥ እወርዳለሁ። መኪና አልነበረኝም፤ መንዳትም አልችልም፤ እስከ ዛሬም አልተማርኩም። የምሄደው ቃል ለመልቀም ነበር።

በዚያን ጊዜ አዲስ ቃል ወደ ወለጋ የሚገባው እንደ ጨውና እንደ አቡጀዲ በጭነት መኪና ነው። ሾፌሮቹ ከአሥመራ፣ ከድሬዳዋና ከአዲስ አበባ የለመዱትን አነጋገር በባኮ በኩል ያስገቡታል፤ ነቀምት ላይ ከኦሮምኛው ጋር ይደባለቃል፤ ከዚያ ወደ ጊምቢና ወደ ደምቢ ዶሎ ሲወርድ የመጣበትን አገር ረስቶ የዚያው ተወላጅ ይሆናል። ይህን የሚመዘግብ ሰው አላየሁም። ስለዚህ እያንዳንዱን አነጋገር ከማን እንደሰማሁት፣ በምን ምክንያት እንደተባለና ከየት መጣ እንደሚሉት እየለየሁ እጽፍ ነበር።

የጋራዡ ግድግዳ ከውጭ አገር መጽሔቶች በተቀደዱ የመኪና ሥዕሎች ተሸፍኖ ነበር። ከሁሉም በላይ ከፍ ብለው የተለጠፉት ሾፌሮቹ «ኩፔ» የሚሏቸው ባለ ሁለት በር የቅንጦት መኪናዎች ናቸው። ከመካከላችን አንዱን እንኳ በዓይኑ ያየ ሰው ነበር ለማለት አልደፍርም። ክርክሩ ግን በየቀኑ ነበር። ሁለት ሰዎች ይመሩታል፤ አንደኛው ከደብረ ማርቆስ የመጣ ግዙፍ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ሁለተኛው የነቀምት ተወላጅ የሆነ ቀጭን አውቶቡስ ነጂ፣ እሑድ እሑድ በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን መዝሙር የሚመራ።

«ጣልያኑን ተመልከተው፤» ይላል አውቶቡስ ነጂው፣ ሥዕሉን ሳይነካ በጣቱ አየር ላይ እየተከተለው። «ይሄ የተሠራ አይደለም። የፈሰሰ ነው፤ እንደ ማር።»

«ማር ዳገት አይወጣም። እኔ ጀርመኑን ነው የምወስድ። በሩ ሲዘጋ እንኳ ድምፁ የባንክ ካዝና ነው።»

«የት ሰማኸው?»

«መስማት ምን ያስፈልጋል? ሲያዩት ያስታውቃል።»

«ማሎ ያ ዋቃ፣ ኧረ አምላኬ! በሥዕል ላይ በር ሲዘጋ የሚሰማ ሰው ዛሬ አየሁ!»

«አንተ ደግሞ ለመንዳት ሳይሆን ለመላስ ነው መኪና የምትፈልገው፤ ማር እያልክ!»

እንዲህ ሲባባሉ ይውላሉ። ኩፔውን «ያላገባ» ብለው ይጠሩት ነበር፤ ከኋላ የሚያስቀምጠው ቤተሰብ የሌለው ሰው ብቻ ይገዛዋል በሚል። ይህ ስም ከየት እንደመጣም አይስማሙም። አውቶቡስ ነጂው «እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ እዚሁ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ» ይላል። የጎጃሙ ደግሞ አሥመራ ውስጥ ሚስቱ ጥላው የሄደች አንድ ጣልያን በንዴት ባለ አራት በሩን ሸጦ ባለ ሁለት በር ከገዛ በኋላ የተባለ ነው እያለ ይምላል። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞረው «መምህር ይፍረድ!» «ባርሲሳ ይናገር!» ይሉኛል፤ ባርሲሳ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው። እኔ ሁለቱንም ጽፌ ዝም እላለሁ። ዝምታዬን እንደ ብልኃት ይቆጥሩልኝ ነበር።

የጋራዡ እውነተኛ ሰው ግን ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። መካኒኩ ነበር።

ዕድሜው ወደ አምሳ የተጠጋ፣ ከቡርቃ ጃቶ በኩል እየመጣ የሚሠራ፣ ንግግሩ ጥቂት ሰው ነበር። ሙያውን የተማረው በጣልያን ጊዜ ነው። የሾፌሮቹ ሁሉ ክብር በእርሱ ላይ ያረፈው በአንድ ልማዱ ምክንያት ነበር፤ ሳይሰማ አይነካም። መኪና ሲመጣለት ሞተሩን እንዲያስነሡ ያዛል፤ ቀኝ እጁን ያነሣል፤ ያን ጊዜ ጋራዡ በሙሉ ጸጥ ይላል። መዶሻው ይቆማል፤ ክርክሩ ይቆማል፤ መንገድ ላይ በቆሎ የሚሸጡት ሴቶች እንኳ ነገሩን ስለለመዱት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እርሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል። ከዚያ የሞተሩን ክዳን ሳይከፍት የተበላሸውን ይናገራል። ሲከፈት ያለው ነገር ይገኛል። እኔ በመጻሕፍት ውስጥ ብዙ የተመሰገኑ ሊቃውንት አንብቤአለሁ፤ አንድን ነገር እንደዚያ ሰው የሚሰማ ግን በዓይኔ አላየሁም ነበር።

ከዚያ መሳሳት ጀመረ።

በመጀመሪያ አንድ የጭነት መኪና ቫልቩ ነው ብሎ ከፈተው፤ ቫልቩ ደኅና ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሁለተኛ መኪናም እንዲሁ ሆነ፤ መኪናው ተመልሶ ተገጣጥሞ ሌላ ከተማ ሄደ። የጋራዡ ባለቤት ከአዲስ አበባ ወጣት መካኒክ ስለማምጣት ከሰው ጋር መነጋገር እንደጀመረ ወሬው ደረሰን። ሾፌሮቹ መካኒኩ ፊት አያነሡትም፤ ዘወር ሲል ግን «ጋሼ ደክመዋል» ይላሉ።

ምን እንደሆነ ያወቅሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን መካኒኩ ደጃፉ ላይ ቆሞ ብሎን ሲያጥብ አንድ አውቶቡስ ወደ ኋላ እየሄደ ወደ እርሱ መጣ። ነጂው ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋ። መንገድ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ዞረ፤ እርሱ ብሎኑን ማጠቡን ቀጠለ። ሮጬ በእጅጌው ጎትቼ ባላወጣው አደጋ ይደርስ ነበር። አውቶቡሱን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ፊቱ አመድ መሰለ። ከጋራዡ ጀርባ ወዳለው ባሕር ዛፍ ወሰደኝ።

«ባርሲሳ፣ ደብተርህን ዝጋ።»

ዘጋሁት።

«ገባህ አይደል?»

«ገባኝ፣ ጋሼ።»

«ቀኝ ጆሮዬ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። ዘንድሮ ደግሞ ግራው እየተከተለው ነው። ሰው ሲናገር ከከንፈሩ እለቅማለሁ፤ እሱን ለምጄዋለሁ። ሞተር ግን ከንፈር የለውም።»

እርሱ በሚያስፈልገው መጠን አፌን ከፍቼ፣ ለጋራዡ ባለቤት ቢነግሩትስ፣ ሐኪም ቤትስ ቢሄዱ አልኩት። ሐኪም ቤት ሄዶ ነበር። ስለ ጋራዡ ባለቤት የመለሰልኝን ግን አልረሳም፤

«ደንቆሮ መካኒክ ማን ይፈልጋል? እነዚህ ሰዎች እኔ ጋ የሚመጡት ብሎን እንድፈታላቸው አይደለም። ብሎን ማንም ይፈታል። ይህን አትጻፍ። በሕይወት እስካለሁ ለሰው አትናገር፤ ከሞትኩ በኋላ የፈለግኸውን አድርግ።»

ቃል ሰጠሁት። እርሱ ካረፈ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ የሰጠሁት ቃል ከዚያም በኋላ አፌን ይዞት ኖረ። ልጆቹ በዚያው ሙያ እንጀራቸውን ሲበሉ ነበርና። ዛሬ ጋራዡም የለም፤ ልጆቹም ሙያውን ትተዋል። ስለዚህ እጽፋለሁ።

በዚያው ዓመት በበጋ፣ አንድ የገበያ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ከጊምቢ በኩል አንድ የማይረሳ መኪና መጣ።

መጀመሪያ የታየኝ አቧራው ነበር። ከአቧራው ውስጥ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ረጅምና ዝቅ ያለ ነገር ወጣ። ሁለት በር ብቻ ያለው ጀርመን ሠራሽ ኩፔ። ገበያተኛው ለሁለት ተከፈለለት፤ ቅቤ የተሸከሙ ሴቶች ሸክማቸውን ሳያወርዱ ቆሙ። መኪናው ጋራዡ በር ላይ ሲደርስ ቀስ ብሎ ቆመ፤ መቆሙንም ያወቅነው አቧራው ስለቀደመው ነው እንጂ ድምፁ ምንም አልነገረንም። በጎኑ ላይ ሰማዩ፣ ባሕር ዛፉና የእኛ ፊት ተጣጥፎ ይታይ ነበር። እኔ ስለ መኪና ምንም የማላውቅ ሰው፣ የሰው እጅ እንዲህ ያለ ነገር መሥራት መቻሉን ሳስብ ደብተሬን መግለጥ ረሳሁ።

የጎጃሙ ሾፌር ባርኔጣውን አወለቀ። አውቶቡስ ነጂው መኪናውን አንድ ጊዜ ዞረው፣ ሁለት ጊዜ ዞረው፣ ሦስተኛውን ሲጀምር የጎጃሙ ክንዱን ያዘው።

«ኧረ በቃህ! እንደ ታቦት ሦስት ጊዜ ልትዞረው ነው?»

«እኛ ታቦት የለንም።»

«ታዲያ ይሄን ምን አስዞረህ?»

አውቶቡስ ነጂው ዓይኑን ከበሩ አልነቀለም። «በሩን ቢዘጋው ብቻ፤» አለ በሹክሹክታ፤ «አንድ ጊዜ በሩን ቢዘጋው።»

ባለመኪናው ወርዶ በሩን ዘጋው። የጎጃሙ ሾፌር የዓመታት ክርክሩን ያሸነፈ ሰው ሆኖ ወደ ባልንጀራው ዞረ፤ ግን መሳለቅ አቃተው። ድምፁ እርሱ ካለውም የበለጠ ነበር።

ባለመኪናው ቀጭን የቆዳ ጓንት ያደረገ፣ የቡና መሬቱን ሊያይ ወርዶ የነበረ የመኳንንት ልጅ ነው። ትሕትና የተማረ፣ ከለመደው ሰው ጋር ካልሆነ ግን ብዙ የማይናገር። የጋራዡ ባለቤት ሮጦ እጅ ነሣው።

«ዳገት ላይ አንድ ድምፅ ይሰጠኛል፤» አለ ሰውየው። «በጣም ቀጭን ነው። አዲስ አበባ አሳይቼው ምንም የለም ብለውኛል። እኔ ግን አለ እላለሁ። እዚህ የሚያውቅ ሰው አለ?»

«አለ እንጂ፣ ጌታዬ! እኛ ጋ ያለው ሰው በድምፅ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሳይከፍት ይነግርዎታል!» አለና ባለቤቱ ወደ መካኒኩ ዞሮ፣ ፊት ለፊቱ ቆሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ዛሬ ካዋረድከኝ ነገ አትምጣ፤» አለው።

መካኒኩ ይህን ከከንፈሩ በደንብ አነበበ።

ሞተሩ ተነሣ። መካኒኩ እንደ ልማዱ ቀኝ እጁን አነሣ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጸጥታ አላውቅም። ጋራዡ ብቻ አይደለም፤ ገበያው ራሱ ዝም አለ። ሰው ሰውን በክርኑ እየነካ ዝም አሰኘ። አንዲት ሴት የምታለቅስ ልጇን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ታች ወረደች። ይህ ሁሉ ሰው በአክብሮት የሚያዘጋጅለት ጸጥታ ለእርሱ ምንም እንደማይጠቅመው የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። የሞተሩ ድምፅ ጆሮው ደኅና ለሆነው ለእኔ እንኳ የጨርቅ መተሻሸት ያህል ነበር።

ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ። ከወትሮው ረዘመ። የጋራዡ ባለቤት እግሩን ቀያየረ። ባለመኪናው ጓንቱን አወለቀ፤ መልሶ አደረገው። መካኒኩ እዚያው በቆመበት፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ስሙን ሊያጣ ነው ብዬ አሰብኩ።

ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ ያየው እኔን ነበር። እኔ ዓይኔን ወደ መሬት ሰበርኩ።

ወደ መሣሪያው ሰሌዳ ሄደ። ካቻቢቴ የምንለውን የብሎን መፍቻ፣ ረጅሙን፣ እጀታው እንጨት የሆነውን አወረደ። በንጹሕ ጨርቅ ጠረገው፤ ደግሞ ጠረገው። ክዳኑ እንዲከፈት በእጁ አመለከተ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የብረቱን ጫፍ በሚሠራው ሞተር ላይ አሳረፈና እጀታውን በጥርሱ ነከሰው። ይህን ካደረገ በኋላ ሁለቱን መዳፎቹን አንሥቶ ጆሮዎቹን ደፈነ።

ከሕዝቡ ውስጥ አንድ ትልቅ ትንፋሽ ወጣ።

ጫፉን ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ወሰደው፤ ለመውሰድ አንድ እጁን ከጆሮው ያነሣል፤ ወዲያው መልሶ ይደፍናል። እኔ የማየው ፊቱን ነበር። የዚያ ሰው ፊት ሁለት ዓመት ሙሉ ተዘግቶ የኖረ ቤት ነበር፤ አሁን መስኮቶቹ አንድ በአንድ ሲከፈቱ አየሁ። ግንባሩ ተፍታታ። ዓይኖቹ ተጨፍነው ሳለ ከሥራቸው ውሃ ወጣ። ሰው ሁሉ የቤንዚኑ ጢስ ነው አለ። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ራሱን ሳያንቀሳቅስ ረጅም ጊዜ አዳመጠ፤ ቀና ብሎ ካቻቢቴውን ከአፉ አወጣ።

«ሦስተኛው ሲሊንደር፤» አለ። «ከታች። የፒስተኑ ዘንግ የሚያርፍበት ብሮንዚን ተበልቷል። ጌታዬ፣ በዚህ ዳገት ከወጡ አምቦ ሳይደርሱ ሞተሩ ራሱን ይሰብራል።»

ባለመኪናው ጠጋ አለ። «እርግጠኛ ነህ?»

«ይከፈት።»

የከሰዓቱ ቀሪ ጊዜ በዚያ አለፈ። መካኒኩ ከመኪናው ሥር ተኝቶ የዘይቱን ማጠራቀሚያ አወረደ፤ ሦስተኛውን ፈታ፤ ከእጁ መዳፍ የማትበልጥ ግማሽ ክብ የሆነች ብረት አወጣ። በብርሃን ሲያዞራት፣ ልስልስ መሆን የነበረበት ፊቷ በአንድ ወገን እንደተላጠ ጥፍር ተቦርቡሯል። ባለመኪናው በጓንቱ ተቀበላት፤ ከዚያ ጓንቱን አውልቆ በጣቱ ዳሰሳት።

«ይህን ከየት ተማሩት?» አለው። ከ«አንተ» ወደ «እርስዎ» መሻገሩን ያስተዋለ ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን አስተዋልኩ። በዚያ ዘመን በዘይት የጨቀየ ልብስ ለለበሰ ሰው የመኳንንት ልጅ «እርስዎ» ሲል አልሰማሁም ነበር።

ምትኩ ብሮንዚን በአውቶቡስ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሰውየው ከተማው ውስጥ ሰነበተ። መኪናውም በጋራዡ ውስጥ፣ በአንሶላ ተሸፍኖ፣ ሰው እየመጣ ጫፉን ገልጦ የሚያየው ነገር ሆነ።

ያን ቀን ግን ገና በመኪናው ዙሪያ ቆመን ሳለን፣ የእኔ ልብ በአንድ ጥያቄ ተይዞ ነበር፤ አሁን አንድ ሰው «ጆሮው ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ ስጠብቅ የሁለቱን ሾፌሮች ንግግር ሰማሁ።

«አየኸው? ጆሮውን ደፈነ እኮ!» አለ አውቶቡስ ነጂው።

«ይደፍናላ! እንዲህ ያለ መኪና በጆሮ ይሰማል እንዴ?» አለ የጎጃሙ፣ ባርኔጣውን እንደያዘ።

«በጆሮ አይሰማም?»

«ጆሮ ለጭነት መኪና ነው። ይሄ የክብር መኪና ነው፤ በጥርስ ነው የሚሰማው። አላየህም ካቻቢቴውን ሁለቴ ሲጠርገው? ለክብሩ ነው!»

«ዱጋዳ፤» አለ አውቶቡስ ነጂው፤ እውነት ነው ማለቱ ነው። «ጣልያን ነው ያስተማረው። ይሄን ሁሉ ዓመት ደብቆት ነው እንጂ ያውቀው ነበር። የሚገባው መኪና እስኪመጣ ነው የጠበቀው።»

አጠገባቸው የነበሩት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከአፍ ወደ አፍ ሄደ፤ ወደ ገበያው ወረደ። እኔ ቆሜ ሰማሁ። በዚያ አገር የመኪና ፍቅር ከሃይማኖት ቀጥሎ የሚመጣ ነገር ነበር፤ እነዚህ ሰዎች ያዩትን ድንቅ ነገር ሊያስረዱ የሚችሉት በዚያው ፍቅራቸው በኩል ብቻ ነው። ከመካኒኩ ጉድለት ይልቅ የመኪናው ክብር ቀድሞ ታያቸው።

ነገሩ በዚህ ቢቀር መካኒኩ ለአንድ ቀን ብቻ ድኖ ነበር። የሚቀጥለው ጭነት መኪና ሲመጣ በጆሮ ስማው መባሉ አይቀርምና። ባለ ኩፔው ከሄደ በኋላ ሰኞ ጠዋት የጎጃሙ ሾፌር እስከ አፉ የተጫነ መኪናውን አስገብቶ ወረደና መካኒኩ ፊት ቆመ።

«ጋሼ፣ ይሄ ቀበዝባዛ እያንኳኳ ነው። በጥርስ ይስሙልኝ።»

ጋራዡ ሳቀ። አውቶቡስ ነጂው ከአውቶቡሱ መሰላል ላይ ጮኸ፤ «ጭነት መኪና በጆሮ ነው ብለህ አልነበረም?»

«ብዬ ነበር። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ተሳስቻለሁ።»

«እንዴት ተሳሳትክ?»

«የዚያ ቀይ መኪና ክብሩ ምንድን ነው? ሁለት በር ነው። ያላገባ ነው። አይደለም?»

«ነው።»

«የእኔንስ በር ቁጠረው!»

አውቶቡስ ነጂው ቆጠረ። በቀኝ አንድ፣ በግራ አንድ። ከመሰላሉ ሊወድቅ ደረሰ። «አባ ኮ፣ አባቴ!» አለ ወደ መካኒኩ፣ በሳቅ እንባ እየጠረገ፤ «ይሄ ሰውዬ ዕድሜ ልኩን ኩፔ ሲነዳ ኖሮ አሁን ነው ያወቀው!»

መካኒኩም ሳቀ። ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ካቻቢቴውን አወረደ፤ ሁለቴ ጠረገው፤ ነከሰው፤ ጆሮውን ደፈነ። የተናገረውም ልክ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ቀን በኋላ መኪናውን በጆሮ ብቻ ሊያሰማ የሚስማማ ሾፌር ጠፋ። ከባኮም ከጊምቢም «በጥርስ ይሰማልን» እያሉ መጡ። ከአዲስ አበባ ሊመጣ የነበረው ወጣት መካኒክ ነገር ቀረ፤ የጋራዡ ባለቤት እንዲያውም ካቻቢቴው የሚሰቀልበትን የራሱን ሚስማር መታለት።

ከሳምንት በኋላ ባሕር ዛፉ ሥር ብቻችንን ስንሆን መካኒኩን ከየት እንዳገኘው ጠየቅሁት። አንድ እሑድ ብቻውን ሲሠራ ሁለት እጁ ተይዞ ካቻቢቴውን በጥርሱ ይዞ ኖሯል፤ ጎንበስ ሲል ጫፉ የሚሠራውን ሞተር ነካ።

«ሞተሩ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ፣ ባርሲሳ። ከስንት ጊዜ በኋላ! እያንዳንዱ ነገር፣ እንደ ድሮው፣ ከድሮውም ይልቅ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።»

«ታዲያ ለምን ቀደም ብለው አልሠሩበትም?»

«ብረት የሚነክስ መካኒክ ቢያዩ ጆሮህስ አይሉኝም? ያን ቀን ደግሞ ሌላ አማራጭ አልነበረኝም። ወደ መሣሪያው ሰሌዳ ስሄድ ሐሳብ መጣልኝ። ጆሮውን የደፈነን ሰው ጆሮ የለውም ብሎ የሚጠረጥር የለም።»

ከዚያ በፊትም በኋላም ብዙ የተማረ ሰው አጋጥሞኛል፤ በአንድ ጎጆ ስፋት መንገድ ውስጥ፣ ከሰሌዳው እስከ ሞተሩ ድረስ፣ እንዲህ ያለ ነገር ያሰበ አላጋጠመኝም።

አነጋገሩም ከዚያ ተነሣ። አንድን ነገር በአክብሮትና በጥንቃቄ መርምር ለማለት «በጥርስ ስማው» ይባል ጀመር። ኡኬ በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ ሽማግሌ ሴት ልጁን ሊያጩ ለመጡ ሰዎች «ጊዜ ስጡን፤ በጥርስ እንስማው» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ገበያ ውስጥ ቅቤ ሻጯ ገዢዋን «ኢልካኒን ዸገኢ!» አለቻት፤ በጥርስሽ ስሚው፣ በኦሮምኛ። ሁለቱም ስለ መኪና አያውቁም ነበር። እኔ የዕድሜ ልኬን ሥራ የቃላትን ምንጭ መፈለግ አድርጌ ሳለ፣ አንድ አነጋገር ከምንጩ ሲፈልቅ ቆሜ ያየሁት ይህን ብቻ ነው፤ እርሱንም ያኔ መጻፍ አልችልም ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለፈተና ጉዳይ ጊምቢ ወረድኩ። መካኒኩም በመንገድ የቆመ መኪና ሊሠራ መጥቶ ነበርና ከቤንዚን ማደያው አጠገብ ሻይ ቤት ተቀመጥን። ከጎናችን ከደምቢ ዶሎ የመጡ፣ እኛን የማያውቁ ሦስት ሾፌሮች ይከራከራሉ። ክርክራቸው «በጥርስ ስማው» የሚባለው ከየት መጣ የሚል ነበር።

«ከአሥመራ ነው የመጣው፤» ይላል አንዱ። «ጣልያን መካኒክ ነበር፤ ጆሮውን በጦርነት ያጣ።»

ሾፌሩ ለእውነቱ ምን ያህል እንደቀረበ አላወቀም።

«ጆሮ የሌለው መካኒክ! አንተ ሰው ምን ትጠጣለህ?» አለ ሁለተኛው። «የፈረስ ነው። ፈረስ ስትገዛ ጥርሱን አይደል የምታየው?»

«ታዲያ ‹እይ› ይባል ነበር እንጂ ‹ስማ› ለምን ተባለ? እኔ ጆሮ የሌለው ነው እላለሁ። ነቀምት አካባቢ እንደዚያ የሚሠራ ሰው አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። እሱም ምናልባት ጆሮው…»

መካኒኩ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሁሉንም ከከንፈራቸው ሲከታተል ነበር።

«ልጆቼ፣ የፈረስ ነው፤» አላቸው በእርጋታ። «አባቴ ፈረስ ነጋዴ ነበር። ጥሩ ፈረስ ልጓሙን ሲነክስ ከጥርሱ የሚወጣ ድምፅ አለ። ያንን እየሰሙ ነበር የሚገዙት። መኪና ሳይመጣ የነበረ ነገር ነው።»

አባቱ ገበሬ ነበር። በቤቱ ፈረስ አልነበረም።

«አላልኩህም!» አለ ሁለተኛው። የመጀመሪያው ግን አልረካም። ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ አይቶ፤ «መምህር ይመስላሉ፤ ይህ ነገር እውነት ነው?» አለኝ።

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ያላረጋገጥኩትን «ይባላል» ብዬ እንጂ «ነው» ብዬ የጻፍኩበት አንድ መስመር አልነበረኝም። ሦስቱ ሾፌሮች ይመለከቱኛል። መካኒኩ ብርጭቆውን ይመለከታል፤ እጁ ጠረጴዛው ላይ ጸጥ ብሏል።

«እውነት ነው፤» አልኩ። «እኔም በምርምር የደረስኩበት ይህንኑ ነው።» ደብተሬንም ገልጬ፣ እያዩኝ፣ በቀስታና በጥሩ አጻጻፍ ጻፍኩት፤ አነጋገሩ ከፈረስ ንግድ የመጣ ነው ብዬ። ሾፌሩ ከትከሻዬ በላይ አነበበና፤ «እንግዲህ ከተጻፈ ምን ይባላል፤» ብሎ እንደ ተሸናፊ የባልንጀራውን የሻይ ሒሳብ ከፈለ።

ወደ መኪናው ስንሄድ መካኒኩ በመንገዱ ዳር አቆመኝ።

«ምን ብለህ ጻፍክ?»

ፊት ለፊቱ ቆሜ፣ ከንፈሬን እየገለጥኩ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩለት። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ስለ ልጓሙ ስደርስ አስደገመኝ።

«ቆንጆ ነው፤» አለ። «ከእውነቱ ይበልጣል።»

«አይበልጥም፣ ጋሼ፤» አልኩት፣ እያንዳንዱን ቃል ለይቼ። «እውነቱ ይበልጣል።»

ከንፈሬን እየተመለከተ ነበር። እንዳልገባው ሆኖ ወደ መኪናው አቀና።